ሁለት አፍንጫ በአንድ ቤት

ጥቅምት 11

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ጠዋት አንዲት ሴትዮ ከሳሎኗ ግድግዳ የረገፈ የቀለም ቅርፊት በመሐረብ ጠቅልላ ሱቅ መጣች። "ልክ ይሄንን ነው የምፈልገው" አለች። ሁሉም የሚለው ይሄንኑ ነው። ሲያዩት ነጭ ነው፣ ግን ነጭ አይደለም። ቢጫ አለበት፣ ከጥቁርም ጠብ ያለች ነገር አለች፤ ሰው የሚሳሳተው ቀዩን ሲረሳ ነው። በጠበጥኩላት። ካርቶን ላይ ቀብቼ ሲደርቅ ከቅርፊቷ አጠገብ ባስቀምጠው የትኛው የእሷ እንደሆነ ጠፋት። ባለሱቁ "ዓይኗን አየሽልኝ?" አላት። እኔን ሲያመሰግን ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ነው የሚናገረው።

ከሥራ እንደገባሁ የአባዬን እግር ፈትቼ አሰርኩ። ስኳሩ እግሩን ካደነዘዘው ቆይቷል፤ ከአውራ ጣቱ ሥር ያለው ቁስል ደግሞ አልድን ብሎ ከርሟል። አያመውም። "ይሄ እግር ተከራይ ነው፣ ያውም ኪራይ የማይከፍል" ይላል። የክሊኒኳ ነርስ ደጋግማ ያስጠነቀቀችኝ አንድ ነገር ነው። "በዓይንሽ አትመኚ። ከላይ የዳነ መስሎ ከውስጥ ይበላሻል። አሮጌውን ፋሻ ሳትጥዪ በፊት አሽትቺው፤ ከሸተተሽ ሳታድሪ አምጪልኝ።" አሸተትኩት። መድኃኒትና የእግር ላብ። ደህና ነው።

እሱ ሁለቴ አስነጠሰ። እኔንም ጉሮሮዬን ይከረክረኛል።

ጥቅምት 13

ሁለታችንም ወደቅን። እሱ ከክፍሉ ይስላል፣ እኔ ከክፍሌ እመልስለታለሁ። የላይ ቤቷ ጎረቤት ሾርባ በር ላይ አስቀምጣ፣ አንኳኩታ ሮጠች። እግሯ ደረጃውን ሲወጣ ሰማሁ። በዚያ ውፍረቷ እንደዚያ መሮጥ መቻሏ ገረመኝ።

ጥቅምት 16

ብርድ። ላብ። ደግሞ ብርድ። ተነስቼ ፋሻውን ቀይሬለታለሁ፤ እንዴት እንደቀየርኩት ግን አላስታውስም።

ጥቅምት 20

ትኩሳቱ ለቀቀን። ሥራ ገባሁ። የቀለም ማቅጠኛውን፣ የቲነሩን በርሜል ከፈትኩ... ሌላ ጊዜ አናቴን ስለሚመታኝ ፊቴን አዙሬ ነው የምቀዳው። ዛሬ ምንም። ውሃ ሞልተውበት እንደሆነ ብዬ በጣቴ ነካሁት። ቀዘቀዘኝና ተነነ። ቲነር ነው።

"ይሄ ነገር ይሸትሻል?" አልኳት ገንዘብ ተቀባይዋን።

"ራሴን እያዞረኝ ነው፣ ክደኚው በናትሽ።"

"እኔን ምንም አይሸተኝም።"

"የታደልሽ" አለችና ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ለምሳ ዳቦ በእንቁላል ይዤ ነበር። ጨርቅ ማኘክ ነው። ግማሹን ለጥበቃው ውሻ ሰጠሁት። እሱ አልተቸገረም።

ጥቅምት 21

ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አሸተትኩ። ሽንኩርት፦ ዓይኔ አለቀሰ፣ አፍንጫዬ ግን አልሰማም። ኮምጣጤ። በረኪና። ሳሙና። የጫማ ቀለም። ምላሴም አብሮ ሄዷል... ጨው አሸዋ፣ ስኳር አሸዋ፣ ሻይ ሙቅ ውሃ። ደነገጥኩ? አልደነገጥኩም። አለመደንገጤ ገረመኝ፤ እሱም ቢሆን ብዙ አልገረመኝም።

ጥቅምት 22

የአባዬን ፋሻ ፈታሁ። አስጠጋሁት። ምንም። አፍንጫዬ እስኪነካው አስጠጋሁት። ምንም።

አልሸተተኝም ማለት ቁስሉ ደህና ነው ማለት ነው? ወይስ አፍንጫዬ ሞቷል ማለት? ከእኔ በኩል ሲታይ ሁለቱ አይለያዩም።

ለነርሷ ልደውል ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ለእሷ ከነገርኳት እቴቴ ጆሮ መድረሱ አይቀርም። እቴቴ ታላቅ እህቴ ናት፣ ነርሷ ዘንድ ስልክ ቁጥሯን ያስመዘገበችው እኔን ሳትነግረኝ ነው። ባለፈው ስትመጣ እዚሁ ሳሎን ቁጭ ብላ "አቅቶኛል ባልሽ ቀን መጥቼ እወስደዋለሁ" አለችኝ። ክፋት የላትም። ቤቷ ግን አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለው። አባዬ በዚያ እግሩ አንዴ ከወጣ ወረደ ማለት ዘበት ነው። እዚህ ቢያንስ በሩ ላይ ወንበሩን አውጥቶ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ይቀልዳል። እቴቴ ስትነግረው ምን አላት? "ከዚህ ቤት የምወጣው በሰው ትከሻ ነው።"

እና ምን ላድርግ? ዝም አልኩ።

ጥቅምት 24

መላ አገኘሁ።

"አባዬ፣ ጉንፋኑ አፍንጫዬን ደፍኖታል። እስቲ አንተ አሽትተው።"

አባዬ ዕድሜ ልኩን ዳቦ ጋጋሪ ነበር። የምድጃውን በር ሳይከፍት "ደርሷል" ይል ነበር፤ ሲከፍቱት ደርሷል። በዚያ አፍንጫው የኮራውን ያህል በልጆቹም አልኮራም። ፋሻውን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። መነጽሩን አወለቀ (ለማሽተት መነጽር ለምን እንደሚወልቅ አላውቅም)፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ረጅም አድርጎ ሳበ። ትንሽ አሰበ።

"ንጹህ ነው" አለ፣ ፍርድ እንደሚያነብ ዳኛ።

እፎይ አልኩ።

ጥቅምት 28

ነርሷ ደወለች። "ሽታ አለው?" "የለውም።" "በደንብ አሽትተሽዋል?" "ተሽትቷል።"

ውሸት አይደለም። የማን አፍንጫ ብላ አልጠየቀችኝም።

ኅዳር 2

ይህ ሰውዬ ምን ነካው? የሠራሁለትን ሁሉ ይበላል። ሳህኑን ጠርጎ ነው የሚመልሰው። በፊት እኮ "እጅሽ ጨው የሚያውቀው በሕልሙ ነው" እያለ ግማሹን ገፍቶ ይተወኝ ነበር። እኔ አሁን ምላስ ስለሌለኝ በግምት ነው የምሠራው፤ እጄ የወደደውን ያህል እጨምራለሁ።

"ጨው በቃው?"

"ልክ ነው። እጅሽ ይባረክ።"

እጅሽ ይባረክ... ከአባቴ አፍ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለሳምንት የሚበቃ ደስታ ነበር። ሳህኑን አጥቤ ተኛሁ።

ኅዳር 5

ገንዘብ ተቀባይዋ ወደ ጓዳ ጠርታኝ፦

"አትቀየሚኝም አይደል?"

"አልቀየምም።"

"ሽቶው በዛ። ትናንት አንድ ደንበኛ ሲያስነጥስ ባልዲ ደፋ።"

ራሴን ስለማላሸት ነው። ሰው የሚሸሸኝ ይመስለኛል፣ ላብ ላብ እላለሁ ብዬ እሰጋለሁ፣ እደግምበታለሁ። ለካስ በሌላ በኩል ሰው እያባረርኩ ነው። ሳቅን። እሷ ሳቀች ማለት ይሻላል፤ እኔ አፌን ከፍቼ አብሬያት ቆየሁ።

ኅዳር 9

ፋሻው ላይ ቢጫ ነገር አየሁ። ትንሽ ወደ ቡናማ የሚሄድ። አዮዲኑ ነው፤ አዮዲን ሲቀጥን ልክ እንደዚያ ይሆናል። ቢጫን እኔ ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ ነው? ለአባዬ ሰጠሁት። አሸተተ። ንጹህ ነው አለ። በዓይንም በአፍንጫም ተረጋገጠ።

ኅዳር 12

አባዬ ብዙ ይተኛል። ትንሽ ሞቀኝ ይላል። ሲደክመው ነው... የዚያ ሕመም ርዝራዥ ይሆናል። እኔም እደክማለሁ። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ባልዲ ውስጥ የሚዞረውን ቀለም ሳይ ቆየሁ። ማቆም እንዳለብኝ ያስታወሰኝ ባለሱቁ ነው።

ኅዳር 15

እሑድ። እቴቴ ሳትነግረን መጣች። በር ከፈትኩላት። ልትስመኝ ጎንበስ ካለች በኋላ ቀና አለች። ፊቷ ተለወጠ።

"ምንድን ነው የሚሸተው?"

"ምን ይሸታል?" አልኩ እኔ።

"ምን ይሸታል?" አለ አባዬ ከሶፋው ላይ። እኩል፣ ከእኔ ጋር፣ አንድ ላይ።

ዞሬ አየሁት። እሱም ያየኝ ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። እሱም ገባው። 

"አይጥ ሞቶባችሁ ነው?" ብላ ወደ ወጥ ቤት ሄደች፣ ተመለሰች፣ መስኮቱን በረገደች። ከዚያ አንድ ነገር እንደሚጎትታት ቀስ እያለች ወደ ሶፋው መጣች። ብርድ ልብሱን ከእግሩ ላይ ገለጠች። መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች።

"አባዬ፣ እግርህ ነው።"

"አይደለም። ትናንት አሽትቼዋለሁ" አለ። ድምፁ ግን አባዬን አይመስልም ነበር።

ፈታችው። ከላይ ደህና የመሰለው ከሥሩ... አልጽፈውም። ታክሲ ጠራች። ሹፌሩ እንደተሳፈርን አራቱንም መስኮት አወረደ። ብርድ ነበር። ሆስፒታሉ በር እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረም። ጨዋ ሰው ነው።

ኅዳር 16

ሁለት ጣቶቹን ቆረጡ። አውራውንና ቀጣዩን። ሐኪሙ ብልሽቱ ወደ ላይ እየወጣ ነው ወይስ ቆሟል የሚለውን ማየት አለብን አለ። ከወጣ ከጉልበት በታች ይቆረጣል። ፊርማ አስፈረሙን። እቴቴ እያለቀሰች ፈረመች። እኔም ፈረምኩ። ነርሶቹ እሷን ሲያባብሉ እኔን እያዩኝ ያልፋሉ። ምን ይበሉኝ? የደረቀ ዓይን አይባበልም።

ኅዳር 17

እቴቴ ልብሱን ልትወስድ ከእኔ ጋር ቤት መጣች። ከትናንት በስቲያ የሠራሁትን ሩዝ ከድስቱ በማንኪያ ቀመሰች። ቀጥ ብላ ወደ ማጠቢያው ሄዳ ተፋችው።

"ይሄንን ስትበሉ ነው የከረማችሁት?"

"ምን ሆነ?"

"ጨው ነው። ሩዝ ያለበት ጨው ነው።"

ሁሉንም ነገርኳት። ቆማ ሰማችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ብትጮህ ይሻል ነበር። "ዕውር ዕውርን ቢመራው ተያይዘው ገደል" አለች፣ ለራሷ ያህል። ከዚያ ድስቱን አጠበችው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ትወስጂዋለሽ ብዬ።"

"አዎ፣ እወስደው ነበር" አለች። "ከነጣቱ።"

ኅዳር 21

ዛሬ አልታወቀም። ነገ እናያለን ይላሉ። ሁልጊዜ ነገ ነው።

ኅዳር 24

ቆሟል። ሐኪሙ ብርድ ልብሱን ገልጦ፣ በብዕሩ የምልክት መሥመር አድርጎበት የነበረውን ቦታ አይቶ "መሥመሩን አላለፈም" አለ። እግሩ ተረፈ። "ትንሽ ቆይታችሁ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር የምንነጋገረው።" ግን ቁስሉ እስኪዘጋ ብዙ ወር ይፈልጋል፣ እንደገና ሊበላሽም ይችላል፣ ጥንቃቄ... ጥንቃቄ...

እቴቴ ሐኪሙን ልትሸኝ ስትወጣ ከአባዬ ጋር ብቻችንን ቀረን።

"አይሸትህም ነበር?"

"ካመመን ጀምሮ።"

"ታዲያ ንጹህ ነው ለምን አልከኝ?"

 ከጎኑ ያለው በሽተኛ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር።

"ዳቦ ቤቱን ከለቀቅሁ ወዲህ" አለ፣ "እስቲ አንተ አሽትተው ያለኝ ሰው የለም። አንቺ አመጣሽልኝ። ምን ልበልሽ? እሱም የለኝም ልበልሽ?"

"አዎ። ማለት ነበረብህ።"

"አንቺስ? ጉንፋን ነው አላልሽኝም?"

 ሁለታችንም አንዳችን የሌላችን ምርኩዝ ነን ብለን ተማምነን ስንቆም፣ ለካስ መሬት ላይ የቆመ አልነበረም።

"ምግቡንስ?" አልኩት። "ጨው ብቻ ነበር ትላለች እቴቴ።"

"እኔ እንጃ። ትኩስ ነበር።"

ታኅሣሥ 3

አስወጡት። እቴቴ ወሰደችው። ሁለት ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው አራተኛ ፎቅ አወጡት። ሲወጡ ከኋላ እየተከተልኩ ነበር። በየፎቁ ሲያርፉ እሱ ይቀልዳል፤ "በሰው ትከሻ ነው የምወጣው ብዬ አልነበር? ቤቱን ብቻ ነው የሳትኩት።" ጎረምሶቹ ሳቁ። እቴቴ አልሳቀችም።

በር ላይ ስትሸኘኝ የመጨረሻ ቃሏን ነገረችኝ። "ከሁለታችሁ የአንዳችሁ አፍንጫ ሳይመለስ አባዬ እዚያ ቤት አይመለስም። ብትቆጪም ተቆጪ።"

አልተቆጣሁም። ትክክል ናት።

ታኅሣሥ 5

ቤቱ ዝም ብሏል። ቆሜ እበላለሁ። ሥራ፣ ቤት፣ ሥራ። በሥራ በኩል ችግር የለም፤ ቀለም መበጥበጥ አፍንጫ አይፈልግም፣ ዓይኔም ደህና ነው። ደህና ነው እላለሁ እንጂ አዮዲንና መግል ያልለየ ዓይን ነው። ዛሬ አንድ ሰውዬ ቢጫ ሲያዘኝ ሁለቴ በጠበጥኩ።

ታኅሣሥ 13

ነርሷ ጋ ሄድኩ። አልሰደበችኝም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አለችና አለፈችው። ያዘዘችኝ ጠዋትና ማታ እያሸተትኩ እንድለማመድ ነው፦ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ሳሙና፣ ያለኝን ሁሉ። "ዝም ብለሽ አትሳቢ። ሽታውን እያስታወስሽ።" "ይመለሳል?" አልኳት። "ብዙ ሰው ይመለስለታል።" ብዙ ሰው... ሁሉም ሰው አላለችም። ለአባዬም እንደዚሁ ነው። ዕድሜውን ሲያስቡት ግን፣ አለችና ተወችው።

ታኅሣሥ 20

ሎሚውን ቆርጬ አሸትታለሁ። ሎሚ ምን ይሸት ነበር? ቢጫነቱ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ። ስሙን የረሱት ዘመድ ፊት እንደመቆም ነው። እሱ እየሳቀ ይጠብቃል፣ እኔ "እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ" እላለሁ።

ጥር 1

አባዬ ደወለ። አሁን በየቀኑ ይደውላል።

"መጣልሽ?"

"አልመጣም። አንተስ?"

"እህትሽ ሎሚ አፍንጫዬ ውስጥ ልትከት ምንም አልቀራት። የለም።"

"ቤቱን ለመድከው?"

"ወፍ ሲያልፍ ጀርባውን ነው የማየው" አለ። "ይሄ ለሰው ልጅ የሚሆን ከፍታ አይደለም።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ልጄ፣ በርቺ እንጂ" አለኝ። አንቺ ላይ ነው ያለነው ማለቱ ነው። እሺ አልኩት። በመሳብ የሚመጣ ቢሆን ዓለሙን ሁሉ ስቤ በጨረስኩት።

ጥር 9

ዛሬ ጉድ ሠራሁ። ቆርቆሮ እየከፈትኩ ሳለ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ሸተተኝ... ከስንት ጊዜ በኋላ። ሱቁ ሙሉ ቲነር ነው፤ አንዲት ብልጭታ ብትነካው አመድ ነን። "እሳት" ብዬ ጮህኩ። ማብሪያ ማጥፊያውን ዘጋሁ፣ ደንበኞቹን ገፍትሬ አስወጣሁ፣ ባለሱቁ ቀዩን የእሳት ማጥፊያ አቅፎ ከጓዳ እየሮጠ ወጣ። ጭስ የለም። እሳት የለም። ሁሉም ቆሞ ያየኛል።

ገንዘብ ተቀባይዋ ብርቱካን እየላጠች ነበር። እሱ ነው። ብርቱካኑ ነው ጎማ የሚሸተኝ።

ባለሱቁ ማጥፊያውን አስቀምጦ "ዓይኗን አመስግኜ ሳልጨርስ" አለ። ጎረቤት ሱቆች ድረስ ወሬው ደርሷል፤ ከእንግዲህ ብርቱካን ይዞ የሚያልፍ ሁሉ መጥቶ "እሳት አለ?" ይለኛል።

ጥር 10

ለነርሷ ደወልኩ። ደስ አላት። ነርቩ ሲጠገን መጀመሪያ ያምታታል አለች። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ሁሉንም ክዳን በሌላው ቆርቆሮ ላይ እንደሚገጥመው ማለት ነው። "ታገሺው። ይለያል።"

ጥር 19

ሳሙና ጎማ። ሽንኩርት ጎማ። የራሴ ትራስ ጎማ። ከምንም ይሄ ይሻላል ይላሉ። እኔ እንጃ... ከምንም ጋር ተላምጄ ነበር።

ጥር 26

እቴቴ ቤት ሄጄ አባዬን አየሁት። ከስቷል። ቁስሉ ግን እየጠበበ ነው፣ እቴቴ በየቀኑ አሽትታ ነው የምታስረው። ከሥራ ተመልሳ፣ ልጆቿን አብልታ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ። እሷም ደክሟታል። አይፈረድባትም፤ እኔም አልፈርድባትም። አባዬ ሁለታችንንም አይቶ "ለሁለት ጣት ይሄን ያህል ሰው" አለ። ማንም አልሳቀም። እሱም ለማሳቅ የተናገረው አልነበረም።

የካቲት 14

ጎማው ሳሳ። ግን በእሱ ቦታ የመጣ ነገር የለም።

የካቲት 28

ገላዬን ስታጠብ ሳሙና ሸተተኝ። ጎማ አይደለም። ሳሙና፣ ሳሙና። እጄ ላይ አረፋው እንዳለ ቆምኩ፤ ከዚያ ጠፋ። ደግሜ ሳብኩ፣ የለም። ግን መጥቶ ነበር።

ለእቴቴ ደወልኩላት።

"ሳሙናማ ማን ይጠላል" አለች። "እንኳን ደስ አለሽ። ለአባዬ የምፈልገው ግን የመጥፎውን ሽታ ነው። ክፉው ሳይሸትሽ ምን ዋጋ አለው?"

ያስከፋል? አላስከፋኝም። እውነቷን ነው። ሐኪሙም የሚያስጠነቅቀን ስለ ሳሙና አይደለም። ግን ክፉ ሽታ ከየት ላምጣ? ቆሻሻ ገንዳው ጋ ሄጄ ክዳኑን ከፍቼ ቆምኩ። ጎማ እና ትንሽ ሎሚ። የላይ ቤቷ ጎረቤት ከበረንዳዋ አይታኝ "ምን ጠፋብሽ?" አለችኝ።

መጋቢት 4

ቲነሩ ተመለሰ። እንደ ድሮው ፊቴን አዞርኩ። ባለሱቁ አይቶ ምንም አላለም፤ ከሰዓት በኋላ ግን ለአንድ ደንበኛ "አፍንጫዋም መጣ" ሲለው ሰማሁ።

መጋቢት 8

አባዬ ደውሎ ሽታ የለም አለ። አሁንም የለም። "እኔ ይቅርብኝ። የዳቦውን ሽታ አውቀዋለሁ፣ ባይመጣም አለኝ። አንቺ ግን..." አለ። "እዚህ ጥሩ ነው እኮ" ጨመረ። ይዋሻል። የሚዋሽበትን ድምፅ አሁን አውቄዋለሁ፤ "ንጹህ ነው" የሚልበት ድምፅ ነው።

መጋቢት 12

ቤቱን ላጽዳ ብዬ ተነሳሁ። የሶፋውን ልብስ ላጥብ ገፈፍኩት። እቴቴ የዚያን እሑድ ብርድ ልብሱንም ፋሻውንም አውጥታ ጥላ ነበር፤ ሶፋውን ግን ማንም አልነካውም፣ እኔም ከዚያ ወዲህ እዚያ ጫፍ ላይ አልተቀመጥኩም። ከልብሱ ሥር፣ አባዬ እግሩን በሚያሳርፍበት በኩል፣ ስፖንጁ ላይ ቢጫ ክብ አለ። ጠርዙ ቡናማ።

ከዓይኔ በፊት አፍንጫዬ አወቀው።

መጀመሪያ የሚጣፍጥ ነገር መስሎኝ ነበር... ከዚያ ሥጋ ሆነ፣ የሞተ ሥጋ።  ማጠቢያው ጋ ሮጬ አስመለሰኝ። አፌን ተጉመጥምጬ ተመልሼ መጣሁ። ለምን እንደተመለስኩ እኔ እንጃ። ተንበርክኬ ፊቴን አስጠጋሁና እንደገና ሳብኩት።

ለካስ ይሄ ነበር። ራት ስንበላ፣ ቴሌቪዥን ስናይ፣ እጅሽ ይባረክ ሲለኝ፣ ይሄ ነገር በመካከላችን ተቀምጦ ነበር። ሹፌሩ በዚያ ብርድ መስኮቱን ያወረደው ለዚህ ነው። እቴቴ ልትስመኝ ጎንበስ ብላ ቀና ያለችው ለዚህ ነው። አባቴ ከዚህ አጠገብ ሲሞት ነበር፣ እኔም ጨው በቃው ወይ እያልኩ ነበር።

አለቀስኩ። ሆስፒታል ያላለቀስኩት፣ ስንፈርም ያላለቀስኩት፣ በወንበር ተሸክመውት ሲወጡ ያላለቀስኩት ሁሉ አንድ ላይ መጣ። ፈራሁ። አፈርኩ። አባዬ አሳዘነኝ፤ እንደ ሕፃን ፋሻውን በሁለት እጁ ሲቀበለኝ ትዝ አለኝና አንጀቴን በላው። ጉንጬ ስፖንጁ ላይ ነበር፤ ይሸታል፣ ግን አልተነሳሁም።

ለእቴቴ ደወልኩ።

"መጣልኝ።"

"ምኑ? ሌላ ሳሙና?"

"ሶፋው ሸተተኝ። አባዬ እግሩን የሚያሳርፍበት። አንቺ በር ላይ ቆመሽ የሸተተሽ።"

  አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማሁ።

"እስካሁን ይሸታል?"

"በጣም ይሸታል እቴቴ። በጣም ነው የሚሸተው።"

"በቃ" አለች። "ነገ ይዤው እመጣለሁ። እዚያ እንዲህ ዓይነት ሽታ ካመለጠሽ ግን እህትም የለሽ።" ከዚያ ደግሞ፦ "ሶፋውን አውጥተሽ ጣዪው።"

እሺ አልኳት።

ነገ ጠዋት ከመምጣታቸው በፊት አወጣዋለሁ። የላይ ቤቷ ጎረቤት ታግዘኛለች። ለዛሬ ግን አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው ይሄን የምጽፈው። መስኮቱን አልከፈትኩም።